ገላጋይ የማይደርስለት ጠብ

አንቺ ልጅ፣ እስኪ ብዕሩን አስቀምጪና ወደዚህ ዞር በይ። ከትከሻሽ በላይ ሳነብ እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ ግን ባንኮኒው የኔ ነው፣ ደብተሩን የዘረጋሽውም ሂሳብ የምሠራበት ቦታ ላይ ነው። ያነበብኩትን አንብቤያለሁ።

ልብስ ሰፊሽን ወድጄዋለሁ። መርካቶ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ደንበኛ "አጠበብክብኝ" ሲለው "ጥፋቱ የኔ ነው" እያለ የሚፈታ፣ የሚሰፋ፣ መልሶ የሚፈታ ሰው። እንዲህ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ያላመንኩሽ መጨረሻው ላይ ነው። ያ ሰው መቀስ አንስቶ ባለሱቁን ሲወጋው "ውሸት!" አልኩ። ጮክ ብዬ ሳልናገረው አልቀረሁም፤ ጣቃ ሲያስቆርጡ የነበሩት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ።

"እንዲህ ያለ ነገር እኮ ይደርሳል" እንዳትዪኝ። እንደሚደርስማ እኔም አውቃለሁ። ወሬው በቡና ላይ ሲወራ "ምን ይደረግ፣ ሰይጣን አሳስቶት ነው" ብለን ሁለተኛውን ስኒ እንቀዳለን። የልቦለድ አንባቢ ግን ሰይጣንን በምክንያትነት አይቀበልሽም። ምክንያት ካጣ መጽሐፉን ይዘጋል።

አንቺ ምክንያት መስጠት እንዳለብሽ ገብቶሻል፤ የሰጠሽው ምክንያት ነው ያልበቃው። ስድብ ቆለልሽበት። ባለሱቁ ሰደበው፣ ከዚያ ደመወዙን ቆረጠበት፣ ከዚያ በሰው ፊት አዋረደው፣ ከዚያ እናቱን ሰደበበት፣ በመጨረሻ "ትዕግስቱ አለቀ" ብለሽ ጻፍሽ። አንባቢ እኮ ከሦስተኛው ስድብ በኋላ መቁጠር ይጀምራል። መቁጠር ከጀመረ ምቱን እየጠበቀ ነው፤ ሰውየውን ማየት ትቷል። ደግሞስ ስድብ የለመደ ሰው በስድብ ይሰበራል? የዚህ ሰው ኑሮው እኮ ስድብ መዋጥ ነው። አምስተኛውን የሚውጥበት ጉሮሮ አራቱን ሲውጥ የኖረው ነው።

አሁን ደግሞ ከሱቃችን ፊት በየቀኑ የሚነሣውን ጠብ አስቢው። ጋሪ ከጋሪ ይጋጫል፣ ጆንያ ይወድቃል፣ ሁለቱ ይያያዛሉ። አንደኛው ጃኬቱን ያወልቃል። ሲያወልቅ አይተሽዋል? ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን እየቃኘ ነው የሚያወልቀው። "ልቀቁኝ! ልቀቁኝ ብያለሁ!" ይላል፤ ገና ማንም አልያዘውም። ያን ጊዜ ከወዲህ አንዱ፣ ከወዲያ ሌላው ይመጣና ወገቡን ይይዘዋል። እሱም በተያዘበት ሁለት ጊዜ ተፈናጥሮ፣ ክብሩን አስጠብቆ፣ ጃኬቱን አንሥቶ ይሄዳል። ያ ሁሉ ጩኸት የገላጋይ ጥሪ ነው። መርካቶ ይህን ያህል ሕዝብ ተጨናንቆ የሚውልበት፣ ይህን ያህል ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወርበት ቦታ ሆኖ ሳለ ጠቡ አብዛኛው በምላስ የሚያልቀው ገላጋይ ስለማይጠፋ ነው። የሚጮኸውም ይህን ያውቃል።

ልብስ ሰፊሽ ግን መጮህ አያውቅበትም። ድምፁ ከፍ አይልም፣ ፊቱ አይለወጥም፣ ጎኑ የተቀመጠው ሰው የያዘውን ሻይ አያስቀምጥም። ስለዚህ ምቱ ሲመጣ በመሃል የሚገባ የለም። የዝምተኛ ሰው ጠብ የሚከፋው ቁጣው ከሌላው ስለሚበልጥ አይመስለኝም። ማንም ሊይዘው ስላልተዘጋጀ ነው። ይህን ካልሽ አንባቢ ያምንሻል፤ ሁሉም በዓይኑ ያየው ነገር ነውና።

አንቺ ምን አደረግሽ? ከመምታቱ በፊት ንግግር አስደረግሽው! ግማሽ ገጽ ሙሉ "እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ፈርቼ እንዳይመስልህ" እያለ ይናገራል። የኔ እህት፣ ራጉኤል በር ላይ ቆሞ ይህን የሚናገር ሰው መቀሱ ጋ ሳይደርስ አስር ሰው ይይዘዋል። ተሸካሚው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ከአንዋር መስጊድ ሰግደው የሚወጡት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት፣ ሁሉም ይደርሱበታል። ያንን ንግግር ሰርዢው። ብትወጂውም ሰርዢው።

ሌላም አለ፤ መቀሱን ጠዋት አስለሽዋል። "መቀሱን በጥንቃቄ አሳለው" ብለሽ ጽፈሻል፣ አንባቢ ምልክት እንዲይዝልሽ። ምልክቱን ይዟል፤ ግን ያልፈለግሽውን ነው የያዘው። መቀስ አስሎ የመጣ ሰው አስቦበታል ማለት ነው። በዚህ ነገር ፍርድ ቤትና አንባቢ አንድ ናቸው። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ከፍተሽ እዪው። አንቀጽ 539 አስቦና ተዘጋጅቶ፣ በጨካኝነት የገደለውን በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል። 540 ተራውን የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣዋል። 541 ግን ሌላ ነው። ከባድ ትንኮሳ ደርሶበት፣ ድንጋጤ ወይም ኃይለኛ ስሜት ይዞት፣ ያም ስሜት ከሁኔታው አንጻር "ይገባኛል፣ ሰው ነው" የሚያሰኝ ከሆነ፣ ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ሰውየው የሞተው በዚያው መቀስ፣ የገደለውም ያው ልብስ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ በዕድሜ ልክና በ5 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ግን አንቺ በጠዋቱ ገጽ ላይ የጻፍሻት አንዲት መስመር ናት። ዳኛው የሚጠይቀው፣ በነገሩና በምቱ መካከል ሰውየው ለመብረድ ጊዜ ነበረው ወይ ብሎ ነው። አንቺ እራቱን አብልተሽ፣ አስተኝተሽ፣ ጠዋት መቀስ አስለሽ አመጣሽው። እንግዲያው ቂመኛ ነው በይና እንደ ቂመኛ ጻፊው፤ እሱም ራሱን የቻለ ትልቅ ድርሰት ነው። ዶስቶየቭስኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 የጻፈው "ወንጀልና ቅጣት" እንደዚያ ነው። ራስኮልኒኮቭ ያለችውን ሳንቲም ለድሃ ቤተሰብ ትቶ የሚወጣ ሩኅሩኅ ልጅ ነው፤ መጥረቢያውን የሚሸሽግበትን ማንገቻ ግን ኮቱ ውስጥ በእጁ ሰፍቷል። ያ ድንገተኛ አይደለም፣ ነኝም አይልም።

የኛን አገር ከፈለግሽ "ከአድማስ ባሻገር"ን መልሰሽ አንብቢው። በዓሉ ግርማ በ1962 ያሳተመው። አበራ ወርቁ ቢሮ እየዋለ ሥዕል የሚመኝ፣ ዘመድ በአንድ በኩል ልቡ በሌላ በኩል የሚጎትቱት ለስላሳ ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ የልብ ጓደኛውን ኃይለማርያምን ይገድላል። መሃላቸው ሉሊት አለች፣ የቅናት ነገር ነው። ብዙ አንባቢ እዚያ ላይ ሲደርስ ይደናገጣል፤ "አበራ? አበራ እንዴት?" ይላል። እኔ ግን አምነዋለሁ፤ የማምነውም ለቅናቱ ብዬ አይደለም። ቅናት ማንንም ያሳብዳል፣ የአበራን ጠባይ አይነግረኝም። የሚያሳምነኝ መወሰን አለመቻሉ ነው። ያ ሰው ስለ ሥራውም ስለ ፍቅሩም፣ በዘመድ ፊትም በራሱ ፊትም ሲዋልል ነው የምናየው። እንዲህ ያለ ሰው በትንሽ በትንሹ መቆጣትን፣ በትንሽ በትንሹ እምቢ ማለትን አልተለማመደም። እምቢታው አንድ ቀን ሲመጣ መጠኑን አያውቅም። ግድያው ከልስላሴው ጋር የተጣላ ይመስላል እንጂ የወጣው ከዚያው ከልስላሴው ነው። ከኔ አንድ ነገር ብቻ ከሰማሽ ይህን ስሚ፦ ምቱን ከየት እንደምታመጪው ሲጨንቅሽ ሌላ ቦታ አትፈልጊ። ሰውየውን ገር ያደረገውን ነገር ፈልጊ።

ግን እኮ ገር ሰው ሁሉ አይማታም። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን አስቢው። በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻን የመሰለ ሰው ሲመጣበት ሸሸ። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ካወጡበት ከ1958 ጀምሮ "ለምን አልተማታም?" ብሎ የጠየቀ አንባቢ አላጋጠመኝም። መሸሽ ለገር ሰው የመጀመሪያው መንገድ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ፊታውራሪው ከልማድ ውጪ የጠየቁትን እምቢ ያሉት ገበሬዎች አበጀ በለውን ከፊት አድርገው ተዋጉ። እነሱም ሲገብሩ፣ ሲያጎነብሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። መሬቱን በጀርባቸው ተሸክመው ወዴት ይሽሹ? ልዩነቱ በር ነው። አንዱ በር ነበረው፣ ሌሎቹ አልነበራቸውም።

በር ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለማየት ልቦለድም አያስፈልግሽም። "ድፍረት" የተባለውን ፊልም አብረን ነው ያየነው። በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወጥቶ ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት የወሰደው፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው። መነሻው በ1996፣ እንደ እነሱው አቆጣጠር፣ በአርሲ በኩል የደረሰ እውነተኛ ነገር ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ የጠላፊዋን መሣሪያ ይዛ አመለጠች፣ ሲደርሱባት ተኮሰች። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የመሠረቷት የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ፍርድ ቤቱ ራሷን ነው የተከላከለችው ብሎ ነፃ አወጣት። ፊልሙን ስናይ አንዳችን እንኳ "ይህች ዓይን አፋር ልጅ እንዴት ትተኩሳለች?" አላልንም። ለምን? ዘረሰናይ ስለ ጀግንነቷ አንድ ቃል ስላልሰበከን ነው። የተቆለፈውን ጎጆ አሳየን፣ ሜዳውን አሳየን፣ ፈረሶቹን አሳየን። መሄጃ እንደሌላት እግራችን ነው የነገረን።

ልብስ ሰፊሽስ ለምን አይሄድም? ይህን ጥያቄ አልመለስሽም። መኪናው የራሱ ከሆነ ነገ ጠዋት በተሸካሚ አስይዞ ምናለሽ ተራ ወይም ጎጃም በረንዳ ይቀመጣል። ሙያ ያለው ሰው መርካቶ ውስጥ በረንዳ አያጣም። ስለዚህ በመጀመሪያው ምዕራፍ መኪናውን የባለሱቁ አድርጊው። ከዚያ እቁብ ጨምሪ። ሰውየው በየሳምንቱ ከአፉ ነጥቆ እየጣለ ነው፣ የራሱን መኪና ሊገዛበት። የእቁቡ ዳኛ ደግሞ ያው ባለሱቁ ነው። አየሽ? መውጫው እዚያች እቁብ ውስጥ ናት፣ ቁልፉ በባለሱቁ ኪስ። እስካሁን አንድ ስድብ አልጻፍሽም፤ እኔ ግን ጨንቆኛል።

አሁን ስድቡን ሁሉ አውጪና አንዲት ምስጋና አስገቢበት።

አትሳቂ። የራጉኤልን ሰው ስታዘብ የኖርኩ ነኝ። ገር ሰውን የሚያስመርረው ሲሰደብ ሳይሆን ገርነቱን ሌላ ሰው ሲመነዝርለት ነው። ዕጣ የሚወጣበት እሑድ ነው እንበል። ሁሉም ተሰብስቧል፣ ዕጣው ተነሣ፣ ልብስ ሰፊው ደረሰው። ሰውየው ገና ፈገግ ሊል ሲል ባለሱቁ ይቀድመዋል። "ይሄንን ለእገሌ እናሳልፍለት፣ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ቆሞበታል። የኛ ልብስ ሰፊ ይጠብቃል። እሱ እኮ ምን ይላል፣ የዋህ ነው፣ አይከፋውም" ይልና ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። ሰዉም ደስ ይለዋል። "እውነት ነው፣ መልካም ሰው ነው" ይላሉ። አንዷ "እንዳንተ ያለውን ያብዛልን" ብላ ትመርቀዋለች። በዚያ ቤት ውስጥ ክፉ ቃል የተናገረ የለም፤ ባለሱቁም ክፉ የሠራ አይመስለውም። ሰውየው ግን የዓመት ላቡ በገዛ መልካም ስሙ ሲወሰድበት አየ። እምቢ ቢል መልካም ስሙ ይሄዳል፣ እሺ ቢል መኪናው ይሄዳል። ምን ብሎ ይናገር? ለዚህ የሚሆን ቃል ዕድሜውን ሙሉ አልያዘም፤ ያለው ቃል "ጥፋቱ የኔ ነው" ብቻ ነው።

ሜልቪል የተባለው አሜሪካዊ እንዲህ ያለ ሰው ጽፏል፤ ቢሊ ባድ ይባላል፣ መጽሐፉ የወጣው ደራሲው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ነው። ቢሊ የመርከቡ ሰው ሁሉ የሚወደው መርከበኛ ነው፤ ሲጨንቀው ግን ምላሱ ይተሳሰራል። አለቃው በሐሰት ከስሶት "መልስ ስጥ" ሲባል ቃል እምቢ አለው፣ እጁ ተነሣ፣ ሰውየው በአንድ ቡጢ ሞተ። ሜልቪል ቢሊን በድብቅ ክፉ አላደረገውም። መንተባተቡን ቀድሞ አሳየን፣ በቃ። አንቺም "ጥፋቱ የኔ ነው" የምትለዋን ቀድመሽ ተክለሻል፤ ሳታውቂው ግማሹን ሥራ ሠርተሻል።

ምቱ ራሱ ላይም አንድ ነገር ልበልሽ። "በአንድ ምት ልቡ ላይ ሰካው" ያልሽው የፊልም ነገር ነው። በዕድሜው ሰው መትቶ የማያውቅ ሰው አስተካክሎ መምታት ከየት ይማራል? እጁ የሚያውቀው ጨርቅ ነው። የልብስ ሰፊ መቀስ ከባድ ብረት ነው፣ ጣት ውስጡ ገብቶ ነው የሚያዘው፣ ለመውጋት ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ለመግፋት ነው የተሠራው። እጁ ላይ ስለነበረ ነው የያዘው እንጂ መርጦ አላነሣውም። ግራ የገባው ምት ይሁን። ትከሻው ላይ ያረፈውን የባለሱቁን እጅ ለማራቅ የጀመረ እንቅስቃሴ ይሁንና አይቁም። ባለሱቁ ራሱ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አይግባው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ አስሮጥሽው። በአዳራሹ በኩል፣ በሲኒማ ራስ፣ እስከ አውቶቡስ ተራ። መንገዱን በደንብ ታውቂዋለሽ፣ አሳይተሻልም፤ ግን ይህ ሰው አይሮጥም። ሊሮጥ ቢችል ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ያለበት ይቆማል፣ ቁስሉን የሚይዝበት ጨርቅ ይፈልጋል፣ የደንበኛ ጨርቅ እንዳይሆን እየመረጠ። ይህ የሚያስቅ ይመስላል፣ አያስቅም። "ጥፋቱ የኔ ነው" የምትለዋን ቃል ግን እዚህ እንዳታስብዪው። ዕድሜውን ሙሉ ላልሠራው ጥፋት ሲላት ኖሮ፣ የእውነት ጥፋት የሆነ ቀን አፉ ላይ አትምጣ። አንባቢው ይጠብቃታል፣ አትስጪው።

የቅዱስ ራጉኤልን ነገር ያነሣሽበትን ቦታ ወድጄዋለሁ፤ አትንኪው። በመጽሐፈ ሄኖክ ራጉኤል ብርሃናትን የሚበቀለው መልአክ ነው፤ እናታችን ወር በገባ በ1 ስትሳለመው በቀሉን አስባ አታውቅም። ልብስ ሰፊሽም እንደሷ ይሳለም፣ ምንም ሳያስብ። ትርጉሙን የሚያውቅ አንባቢ ያውቀዋል፣ አንቺ አታስረጂ።

የቀረው ስለ ልጅነቱ የጻፍሽው ምዕራፍ ነው። አባቱ ይደበድበው ነበር፣ አንድ ሌሊት እናቱን ሲመታ አየ፣ ከዚያ ወዲህ ቁጣውን ቀበረ ትያለሽ። በደንብ የተጻፈ ነው፤ ውሃ የምትቀዳው እናት ታስለቅሳለች። ግን አውጪው። ያ ምዕራፍ "ይህ ሰው ገር ሲመስል ኖረ እንጂ ገር አልነበረም" ብሎ ይነግረናል። እንዲያ ከሆነማ ምን ገረመን? የተቀበረ ቁጣ ወጣ፣ አለቀ። እኔን የሚያስጨንቀኝ በእውነት ገር የሆነው፣ ምንም ያልቀበረው ሰው ነው። ምዕራፉን ለሌላ ድርሰት አስቀምጪው፤ እናትየዋ የራሷ መጽሐፍ ይገባታል።

አሁን ሂሳቤን ልሥራበት፣ ደብተርሽን አንሺ። የእቁቡን ገጽ ዛሬ ማታ ጀምሪው። ዳኛው ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው ልብስ ሰፊው ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ፣ መቀሱስ ለምን እጁ ላይ ሊገኝ ቻለ የሚለውን ሳትወስኚ ግን እንዳትጽፊው። ዕጣው የሚወጣው እሑድ እኮ ነው፣ ሥራ የለም።